የሞቀው ኮፈን

ቺዙሩ በጓሮዋ የቆርቆሮ ቤት ወለል ላይ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግታ የመኪናዋን የድሮ ሞላዎች ትጠቀልላለች። አራት ናቸው። እያንዳንዱን ዘይት በነካው ጨርቅ ትወለውለውና በጋዜጣ ሁለት ዙር ታለብሰዋለች፤ ከላዩ ነጭ ፕላስተር ትለጥፍና በቀጭን እስክሪብቶ ትጽፍበታለች፦ «የፊት ግራ። በሰኔ የወለቀ። ዝገት የለውም።» ጣቶቿ አጫጭር ናቸው፤ ግን አይሳሳቱም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ለአራት መቶ ልጆች ካሮት ሲከትፉ የኖሩ ጣቶች ናቸው።

ከኋላዋ ቢጫዋ ቆማለች። ቺዙሩ ለመኪናዋ ሌላ ስም አላወጣችላትም፤ ቢጫዋ ነው የምትላት። ማዝዳ አርኤክስ ሰባት ናት፤ ሁለት በር ያላት፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ አፍንጫዋ የሾለ። ቺዙሩ የገዛቻት በሠላሳ ስድስት ዓመቷ፣ ባሏ ጥሏት በሄደ በዓመቱ፣ ለጣሪያ እድሳት ባጠራቀመችው ገንዘብ ነበር። እናቷ «ጣሪያው ያፈሳል፣ አንቺ ጎማ ትገዢያለሽ» እያሉ እስኪሞቱ ድረስ ወቅሰዋታል። ጣሪያው ዛሬም በአንድ ጥግ ያፈሳል፤ ባልዲውም እዚያው አለ።

ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ቺዙሩ ከሥራ በፊት፣ የሚዮሺ ከተማ ገና በጉም ተውጣ ሳለ፣ በቢጫዋ ጠመዝማዛውን የተራራ መንገድ ስትወጣ ኖራለች። ጉሙን ከላይ ታየዋለች፤ ከመኪና ወዳጆቿ ጋር ከመንገድ ዳር ማሽን የተገዛ ትኩስ የጣሳ ቡና ትጠጣለች፤ ከዚያ ለልጆቹ ሩዝ ለማጠብ በሰዓቷ ትመለሳለች። ወዳጆቿ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። «የምሳዋ እህት» ይሏት ነበር። እሷ ብዙም አታወራም፤ ሰዎቹ ስለ ሞተር ሲጨቃጨቁ ትሰማና ማታ ቤቷ ደብተር ላይ ትጽፈዋለች።

አሁን የግራ ጉልበቷ እምቢ አለ። የቢጫዋ ፍሪሲዮን ከባድ ነው፤ ተራራው ላይ ሁለት ጊዜ እግሯ ከድቷት ነበር። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን ለታኅሣሥ ቀጠራት፤ «ከዚያ በኋላ ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ይንዱ» አላት። የቢጫዋም ቦሎ በዚሁ በኅዳር መጨረሻ ያልቃል። ለሻጭ ድርጅት መስጠት አልፈለገችም፤ የመኪናው ወዳጆች በሚገናኙበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ማስታወቂያ አወጣች። ዋጋዋን ሦስት ሚሊዮን ተኩል የን ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም አንድ መስመር ጨመረች፦ «ሳይፈታ፣ ከነሙሉ አካሏ ለሚያኖራት ሰው ብቻ።»

የምትፈራው እሱን ነው። እንዲህ ያሉት መኪኖች አርጅተው ከገበያ ከጠፉ ወዲህ ከሙሉ አካላቸው ይልቅ ብልታቸው ይወደዳል። የሚገዛቸው ሰው እንደ ቅርጫ በሬ በሩን ለአንዱ፣ ሞተሩን ለሌላው ያከፋፍላቸዋል። ሃያ አምስት ዓመት በጨርቅ የወለወለቻት መኪና በየሰዉ ቤት ተበትና እንድትቀር አልፈለገችም።

አንድ መፈተኛ ግን ነበራት፤ ሳጥኖቹ። መኪና የሚያሻሽል ሰው ያወለቀውን የፋብሪካ ዕቃ አይጥልም። በየሁለት ዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ጯኺውን ማርሚታ ፈትቶ ዝምተኛውን ይመልሳል፤ ቦሎውን ካገኘ በኋላ እንደገና ይቀይራል። ስለዚህ እውነተኛ ወዳጅ ከሁሉ አስቀድሞ «የወለቁት ዕቃዎች አሉ?» ብሎ ይጠይቃል። የቺዙሩ ሳጥኖች ዘጠኝ ናቸው። የጠየቀ ወዳጅ ነው፣ ያልጠየቀ ጠላት ነው ብላ ወሰነች።

ቶኩዞ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። አንገቱ ላይ ፎጣ የማይለየው የሰባ አራት ዓመት መካኒክ ነው፤ የቢጫዋን ሞተር ሁለት ጊዜ አውርዶ የሠራው እሱ ነው።

«ሬሳ ነው እንዴ የምትገንዢው፣ የምሳዋ?» አላት።

«ዝገት እንዳይነካው ነው፣ ቶኩዞ ሳን» አለች፤ በዕድሜ ስለሚበልጣት «ሳን» የሚለውን የአክብሮት ቃል አትተውም።

«ይልቅ ስሚኝ። ባለፈው ወር ከወንዙ ማዶ ነጯን ማዝዳ የወሰዷት እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቅዳሜ ገዢ ነን ብለው መጡ፤ ሻይ ጠጡ፤ የግቢውን በር አዩ፤ ማክሰኞ ሌሊት በጭነት መኪና ጭነዋት ሄዱ። ከሥሯ ያለችበትን ቦታ የምትነግር አንዲት ትንሽ ጠቋሚ መሣሪያ ለጥፈውባት ነበር አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

«እኔ እጠረጥራለሁ» አለች ቺዙሩ ቀስ ብላ።

«አንቺ? አንቺ እንኳን ሌባ፣ ድመት ዓሣሽን ሲበላ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ።»

የቅዳሜው የመጀመሪያ ገዢ ለአራት ሰዓት ተቀጥሮ ነበር። ቺዙሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቢጫዋን ከቆርቆሮው ቤት አወጣቻት፤ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ እዚያ ውስጥ በሩ እንኳ በደንብ አይከፈትም። የቢጫዋ ሞተር ደግሞ እንደ ሌሎቹ አይደለም። በብርድ አስነስተው ጥቂት ፈቀቅ አድርገው ወዲያው ካጠፏት ቤንዚን ያንቃታል፤ ከዚያ ብትለምናትም አትነሳም። ስለዚህ ግቢው መሐል አቁማ በደንብ እስክትሞቅ ጠበቀችና አጠፋቻት። ለእንግዳ ቤት ጠርጎ መጠበቅ ማለት ነው ብላ አሰበች።

ሰውየው በትንሽ ነጭ የጭነት መኪና መጣ፤ ታርጋው ተራራውን ተሻግሮ ካለው ከሺማኔ ነው። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ዓይን ለዓይን የማያይ ሰው ነው። ኮዳኒ እባላለሁ አለና ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ባዶ እጁን ነበር። ወደ መኪናዋ ሄዶ በሩን ሳይከፍት፣ ቀለሟን ሳያይ፣ መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳረፈ።

«ሞቋል» አለ።

«አዎ፣ አሙቄ ጠበቅሁዎት።»

እጁን አላነሳም። «ለምን?»

ቺዙሩ ማስረዳት ትችል ነበር፤ ግን ለምን ተብሎ መጠየቅ ከደጇ ላይ ውሸታም የተባለች ያህል አስደነገጣት፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ደግሞስ የዚህ መኪና ወዳጅ ከሆነ ይህን እንዴት አያውቅም? «እንዲሁ ነው» አለችው።

«እንዲሁ» አለ ሰውየው፣ ፊቱ ተዘጋ። ከዚያ ጃኬቱን ሳያወልቅ እርጥቡ መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ቺዙሩ እግሮቹን ብቻ ታያለች። ትንሽ ቆይቶ ቀኝ እጁ ወጣ፣ ወደ ኪሱ ገባ፣ አንዲት ትንሽ ነጭ ነገር ይዞ ተመልሶ ከሥር ጠፋ። ሲወጣ እጁ ባዶ ነበር። ቺዙሩ የቶኩዞን ጠቋሚ መሣሪያ አሰበች።

«ጠዋት ስንት ሰዓት ይነሳሉ?» አላት ጭቃውን እያራገፈ።

«ምን?»

«ነገ ማለዳ፣ ማንም ሳይነካት ባያት ብዬ ነው። ጎረቤቶችዎ በዚያ ሰዓት ይነቃሉ?»

«ጎረቤቶቼ ሁልጊዜ ንቁ ናቸው» አለች ቺዙሩ። ድምጿ እንዲህ ሲጠነክር ራሷም ሰምታው አታውቅም። «ሌላ ገዢ ስላለኝ ነገ አይመቸኝም።»

ኮዳኒ ጎንበስ ብሎ ሄደ። ስለ ሳጥኖቹ አንዲት ቃል አልጠየቀም። ቺዙሩ የታርጋውን ቁጥር በሩዝ ከረጢት ጀርባ ላይ ጻፈችው፤ የጃኬቱን ቀለም፣ የጫማውን ዓይነትና ቀጠሮ ሲይዝ የሰጣትን ስልክ ቁጥርም ጨመረችበት።

ከሰዓት በኋላ የመጣው ሂራኖ ግን ፀሐይ ነበር። ረጅም ነው፣ ጫማው ያበራል፣ በሜፕል ቅጠል ቅርጽ የተጋገረ የባቄላ ኬክ በሣጥን ይዞ መጥቷል። «አክስቴ፣ ይህን ለሻይዎ» አለ ገና ከበሩ። ቀጥሎ የተናገረውን ስትሰማ ቺዙሩ ልትስቅ ደረሰች።

«የወለቁት ዕቃዎች አሉ?»

ወደ ሳጥኖቹ ወሰደችው። ሂራኖ ተንበርክኮ እያንዳንዱን ፕላስተር አነበበ፤ በስልኩም ፎቶ አነሳ። «አቤት! ዝገት የለውም ይላል። አክስቴ፣ እርስዎ ሙዚየም ነዎት እኮ!»

«ሞተሯን ላስነሳልዎት?»

«ምን በወጣዎት! ድምጿን በማስታወቂያዎ ቪዲዮ ሰምቻለሁ። እርስዎን የመሰለ ሰው ይዋሻል?»

ዋጋ አልተከራከረም። ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጭነት መኪና እወስዳታለሁ፣ ገንዘቡንም በእጅዎ እሰጥዎታለሁ አለ። ከእሷ የሚፈለገው ስም ለማዛወር የሚሆን፣ በፊርማ ፈንታ ለምትጠቀምበት የግል ማኅተሟ ማዘጋጃ ቤት የሚሰጠው ማረጋገጫ ወረቀት ብቻ ነው። ቺዙሩ ቃሏን ሰጠችው። ማታ ቢጫዋን እንደገና አሙቃ ወደ ቆርቆሮው ቤት መልሳ ሁለት ኬክ በላች።

እንቅልፍ ግን አልመጣላትም። ያቺ ነጭ ነገር ከሥር ተቀምጣ የምትጠራ ይመስላታል። እሑድ ጠዋት ቶኩዞን ጠራችው። ክሪክና መብራት ይዞ መጥቶ፣ እያጉረመረመ ከመኪናዋ ሥር ገባ።

«አገኙት?» አለች ቺዙሩ።

«አገኘሁት።»

«ፖሊስ ልጥራ?»

ቶኩዞ ከሥር ሲስቅ ሰማችው፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «የምሳዋ፣ ይህ መሐረብ ነው። ከራዲያተር የሚወርደው የጎማ ቱቦ ማቀፊያው ላልቶ የማርሚታውን ቧንቧ ሊነካ ደርሶ ነበር። ጎትቶ አርቆ በመሐረቡ አስሮልሻል። ቋጠሮው ራሱ የመካኒክ ነው። እኔ ባለፈው ወር ሳየው አልፎኛል፣ ይህን ለማንም እንዳትነግሪ።»

«ታዲያ ለምን በማለዳ ልምጣ አለ? ለምን ሞቋል ብሎ ተቆጣ?»

ቶኩዞ ማቀፊያውን አጥብቆ መሐረቡን ፈታና ከሥር ወጥቶ ተቀመጠ። «አሙቀሽ ነው ያሳየሽው?»

«እንግዳ ይመጣል ብዬ...»

«አይ አንቺ!» ግንባሩን መታ። «የሞተሩ ውስጥ ማሸጊያ ተበልቶ ውኃ ካስገባ፣ በብርድ ሲነሳ ነጭ ጭስ ያወጣል። ከሞቀ በኋላ ይደበቃል። የሚያጭበረብር ሻጭ ሁሉ አሙቆ ነው የሚጠብቀው። ሰውየው እኮ ሌባ ናት ብሎ ነው የሄደው! አንቺም ሌባ ነው ትያለሽ! ይህ ሰው ሌባ ከሆነ እኔ መነኩሴ ነኝ።»

ቺዙሩ መሐረቡን ተቀበለችው። ነጭ፣ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው፣ የተተኮሰ፣ አሁን በጥቀርሻ የጠቆረ ነበር። ኀፍረት ተሰማት። ግን ቃሏን ለሂራኖ ሰጥታለች፤ ስለ ሳጥኖቹ የጠየቀውም ሂራኖ ነው። ሰው በመሐረብ አይታመንም፤ ኮዳኒም ለገዛ ጥቅሙ ያደረገው ሊሆን ይችላል ብላ ራሷን አጽናናች።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ብስክሌቷን ነፋች፤ ማኅተሟን በሐር ኪሱ ከትታ ቦርሳዋ ውስጥ አኖረች። ማዘጋጃ ቤቱ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ከመሄዷ በፊት ቢጫዋ ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ ልታይ በሩን በጠባቡ ከፈተች።

የሾፌሩ ወንበር ላይ ትራሷ ነበረች። ከእናቷ አሮጌ ኪሞኖ የሰፋቻት ናት፤ ቺዙሩ አጭር ስለሆነች ያለ ትራስ መንገዱን አታይም፤ ወንበሩንም እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ስባ ነው የምትነዳው። ትራሷ እንዳኖረቻት ናት። ወንበሩም አንድ ጣት ያህል አልተንቀሳቀሰም። ሂራኖ ደግሞ ረጅም ነው። ቅዳሜን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአእምሮዋ ደገመችው። ሳጥኖቹን ተንበርክኮ አነበበ፤ ፕላስተሩን ፎቶ አነሳ፤ በሩን በጣቱ አንኳኳ። ሦስት ሚሊዮን ተኩል የን የሚያወጣባት መኪና ውስጥ ግን አልተቀመጠም። መሪዋን አልያዘም።

ስልኳን አነሳች።

«ሂራኖ ሳን፣ ይቅርታ። ቢጫዋን የት ነው የሚያቆሟት?»

«ማቆም?» ሳቀ። «አክስቴ፣ ለመቆም ጊዜም የላትም። እስከ ረቡዕ ተፈትታ ታልቃለች።»

«ትፈታለች?»

«ሞተሯን የሚወስደው ናጎያ ነው ያለው፣ በሮቿ ወደ ኦሳካ ይሄዳሉ። የእርስዎ ሳጥኖችማ ሰው ተሻምቶባቸዋል! እንደዚያ የተጻፈበት ዕቃ ከየት ይገኛል?»

«ማስታወቂያዬ ላይ... ከነሙሉ አካሏ ብዬ ጽፌ ነበር።»

«እሱንማ ሁሉም ይጽፋል፣ አክስቴ። አይዘኑ፤ አንዲት ብሎን አትጣልም። በእሷ አሥር መኪና ከሞት ይነሣል።»

ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ቺዙሩን ያስፈራትም ይኸው ነው። እሷ መፈተኛ ያለችው ሳጥን ለእሱ ገበያ ነበር። ዘጠኙን ሳጥን በገዛ እጇ አሽጋ፣ ጽፋ፣ ለአራጁ አዘጋጅታለች።

«አልሸጥም» አለች።

«ዋጋው አንሶ ነው?»

«አይደለም።»

«ቃል ሰጥተውኝ አልነበር?»

«ቃል የሰጠሁት መኪና ልሸጥልዎት ነው» አለች ቺዙሩ። ቀጥላም «ኬኩን በፖስታ እመልሳለሁ። ሁለት በልቼበታለሁ» አለች።

ሂራኖ ከልቡ ሳቀ። «ይብሉት፣ ይብሉት። ሐሳብዎን ከቀየሩ ይደውሉ። ዝገት አትጠብቅም፣ አክስቴ።»

አመንትታ አመንትታ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን የሩዝ ከረጢቱን አገላብጣ፣ ታርጋና ጫማ ከጻፈችበት ሥር የኮዳኒን ስልክ ፈለገች። ደወለች። ከኋላው የብረት መጋዝ ይጮህ ነበር፤ ማን እንደሆነች ስትነግረው መጋዙ ቆመ።

«መሐረብዎን አገኘሁት» አለች።

«ሳላስፈቅድ በመንካቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ሰውየው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ዋጋ ለማስቀነስ እንከን የምለቅም እንዳይመስልዎት ነው። እርስዎስ ለምን አሞቋት?»

ስለ ጠባቡ ቤት፣ በብርድ ስለማጥፋት፣ ስለ እንግዳ ነገረችው፤ ቅዳሜ ያልነገረችውን ሁሉ። ኮዳኒ ሰማት። ከሁለት ዓመት በፊት ኦካያማ ውስጥ አንድ ሰው አሙቆ ሸጦለት እንደነበር ነገራት፤ በማግስቱ ጠዋት ግቢው በነጭ ጭስ ተሞላ፤ ያቺ መኪና እስከ ዛሬ ቤቱ ቆማለች።

«ፈትተው አልሸጧትም?» አለች ቺዙሩ፣ አጥብቃ።

«አይ። ልጠግናት ነው። ሞተሩን ራሴ እያወጣሁ ነው።»

«የቢጫዋን ሞተር ለእሷ ሊያደርጉት ነዋ!»

ጥያቄው እንዲህ ይወጣኛል ብላ አላሰበችም። ኮዳኒም አልተቆጣም፤ ሊስቅ የቃጣ መሰለ። «ያንን ብፈልግ ኖሮ የወለቁትን ዕቃዎች አስቀድሜ እጠይቅዎት ነበር። ከነሙሉ አካሏ ለሚያኖራት ብለው ጽፈዋል፤ አንብቤዋለሁ። ከቅዳሜ ወዲህ አልተነሳችም?»

«ከቅዳሜ ማታ ወዲህ አልተነሳችም።»

«ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እመጣለሁ፤ ድምጿ ጎረቤቶችዎን ከቀሰቀሰ ይቅርታ። እባክዎ እንዲሁ ትቆየኝ።»

ስልኩን ዘግታ ወዲያው ለቶኩዞ ደወለች። «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጡልኝ። ጎማ መፍቻውን የብረት ቁልፍ ይያዙ።»

«ታርቃችሁ የለ እንዴ? መሐረብ አስሮልሽ!»

«መሐረብ የሚይዝ ሌባም አይጠፋም። መነኩሴም ከሆኑ መነኩሴ ሆነው ይምጡ።»

ቶኩዞ እየሳቀ ስልኩን ሲዘጋ፣ የከተማው ድምፅ ማጉያ የአሥራ አንድ ሰዓቱን ዜማ አሰማ፤ ልጆች ወደ ቤት የሚጠሩበት ዜማ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ብስክሌቱ ጎማው ተነፍቶ በሩ ላይ ተደግፏል። አሁን ብትነሳ ትደርሳለች፤ ኮዳኒ ነገ ቢገዛት ወረቀቱ ያስፈልገዋል፤ ካልደረሰ ሌላ ቀን እንደገና ከሺማኔ መምጣት ሊኖርበት ነው።

ቺዙሩ ሰዓቱን አየች፤ ብስክሌቱን አየች። እሱ ነገ ጭሷን ይይ፤ እኔ ደግሞ እሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲስብ ልይ አለች በልቧ። ማኅተሙን ከነሐር ኪሱ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ከሻይ ፎጣዎቹ ሥር መሳቢያው ውስጥ መለሰችውና ቆለፈችበት።